ስምንተኛው አግዳሚ

ልጄ ፈትሂያ የአስረኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና የወሰደችው በ1996 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ ከአስረኛ ወደ መሰናዶ የሚያልፈው ጥቂቱ ነበር፤ የቀረው ወይ ሙያ ይማራል፣ ወይ ቤት ይቀመጣል። ፈትሂያ በሌላው ትምህርት ደህና ናት። ያስቸገራት ሒሳብ ነው። የክፍሏ ኃላፊ መምህር በመጋቢት አስጠርቶኝ "ሒሳቡን ከፍ ካደረገች ታልፋለች፤ ካላደረገች ግን እንጃ" አለኝ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ በጆሮዬ የቀረው "እንጃ" የሚለው ብቻ ነበር።

ለፍርሃቴ ምክንያት አለኝ። እኔም በ1978 ዓ.ም. ማትሪክ ስፈተን ሌላውን አልፌ በሒሳብ ወድቄያለሁ። ውጤቱን ለማየት የሄድኩ ቀን ጓደኞቼ "አብሽሪ፣ አንቺማ ታልፊያለሽ" እያሉኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ አብሽሪ የሚለኝን ሰው አላምንም። አገራችን ደግሞ ሰው በነጋ በጠባ አብሽሪ የሚልበት አገር ነው።

ፈትሂያ የምትማረው ደሴ ነው፤ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ እህቴ ለይላ ቤት ተቀምጣ። ቅዳሜና እሁድ ወደ እኛ ትወርዳለች። ፈተናው ማክሰኞ ሊጀመር እሁድ ከምሳ በኋላ በረንዳው ላይ ተቀመጥንና ከድሮ ፈተናዎች የተባዛውን ወረቀት አወጣን። የመልሱ ገጽ የለውም፤ ሲባዛ ቀርቷል ወይም አንዱ ተማሪ ገንጥሎታል። ባለቤቴ በሺር ጥጉ ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ ጋደም ብሏል። ጋራዥ ውስጥ ቶርኖ ላይ የሚሠራ ሰው ነው፤ እሁድ ከሰዓት ጆሮው ብቻ ነው የሚሠራው።

ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሐሳቡ እንዲህ ይላል። አንድ ክፍል ውስጥ ሃምሳ ተማሪዎች አሉ። ከእነሱ መነጽር የሚያደርጉት ከአስራ አንድ ፐርሰንት አያንሱም፣ ከአስራ አምስት ፐርሰንትም አይበልጡም። ቢያንስ ስንት፣ ቢበዛ ስንት ናቸው? ምርጫዎቹ አራት ናቸው፦ ከአምስት እስከ ሰባት፣ ከአምስት እስከ ስምንት፣ ከስድስት እስከ ሰባት፣ ከስድስት እስከ ስምንት።

"አስራ አንድ ፐርሰንቱ አምስት ነጥብ አምስት ነው" አለች ፈትሂያ። "አስራ አምስት ፐርሰንቱ ሰባት ነጥብ አምስት። ግማሽ ተማሪ ግን የለም።"

"የለም" አልኩ። "ስለዚህ ሙሉ አድርጊው። አምስት ተኩሉ ስድስት፣ ሰባት ተኩሉ ስምንት። መልሱ D ነው።"

"ሁለቱንም ወደ ላይ?"

"ሰው ሲቆጠር ወደ ላይ ነው፣ ልጄ። ከመጉደል መትረፍ ይሻላል።"

ይህን ያልኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ እኔ የሰፈራችን የሴቶች ቅሬ ጸሐፊ ነኝ። ስንት እንጀራ ከየቤቱ ይምጣ፣ ስንት ሳህን ይውጣ፣ ስንት ሰው ይቀመጣል የሚለውን የማሰላው እኔ ነኝ። በዚህ ሥራ ግማሽ ከመጣ ወደ ላይ ነው። ለቀስተኛ ፊት ሳህን ከጎደለ ነውሩ የሚቀረው በጸሐፊዋ ስም ነው። አስራ አንድ ዓመት እንዲህ ስቆጥር ኖሬያለሁ፤ ጎድሎብኝም አያውቅም።

"ግማሽ ሰው ካስፈለጋችሁ እኔ አለሁ" አለ በሺር ዓይኑን ሳይገልጥ። "ግማሼ ተኝቷል።"

ፈትሂያ ሳቀች። ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ በላጲሷ አንድ ነገር አጠፋችና D ብላ ጻፈች። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ አምስት ነበር፤ አምስቱንም ወደ ላይ እያደረግን ሠራን። ሰኞ ጧት ሚኒባስ ላይ ሳሳፍራት እንኳ በመስኮቱ "ሰው ከሆነ?" ብዬ ጠየቅኳት። "ወደ ላይ" አለችኝ። ለአንድ ጊዜ ልቤ ረጋ አለ።

ማክሰኞ አመሻሹ ላይ ጎረቤታችን ጋሽ ብሩ አረፉ። ረቡዕ ጧት ድንኳን ልንተክል ግቢያቸው ተሰበሰብን። የድሮው ድንኳናችን አርጅቶ ስለነበር ቅሬው በዚያው ወር አዲስ አሰፍቶ ነበር፤ ተተክሎ ገና አላየሁትም። ኩታበር ካሉ ዘመዶቻቸው ብዙ ሰው ይመጣል ስለተባለ ስንት አግዳሚ ከመጋዘን ይውጣ ብለው ጠየቁኝ። ግቢው ላይ ድንኳኑ የሚያርፍበትን ቦታ በርምጃ ለካሁ፤ አስራ አምስት ርምጃ። አንድ አግዳሚ ከእግር ማሳረፊያው ጋር ሁለት ርምጃ ይወስዳል። ሰባት ተኩል መጣልኝ። ደብተሬ ላይ ስምንት ብዬ ጻፍኩ።

ድንኳኑ እንደቆመ ልጆቹ ስምንት አግዳሚ ተሸክመው መጡ። ሰባቱ ተደርድረው ገቡ። ስምንተኛው ግን ግማሹ ገብቶ ግማሹ ውጭ ቀረ፤ የሸራው ጫፍ መሐሉ ላይ አረፈ። ገፋ ቢያደርጉት የፊተኛው ረድፍ ላይ የሚቀመጥ ሰው ጉልበቱን የሚያሳርፍበት ያጣል። ቢስቡት ዝናብ ያገኘዋል።

ከቅሬው ወጣቶች አንዱ ወንድምአገኘሁ ነው፤ አፉ የማያርፍ ልጅ። ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቶ "እትዬ ራቢያ" አለኝ፣ "ግማሹን ለቀስተኛ ደጅ ላይ ሊያስለቅሱት ነው?"

"ግማሽ አግዳሚ የለም ብዬ ነው" አልኩ።

"ግማሽ አግዳሚ የለም፤ ግን ግማሽ ቦታም አይቀመጥበትም። ድንኳኑ አስራ አምስት ነው። ከአስራ አምስት አይበልጥልንም።"

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም ልስቅ ነበር። ያን ጊዜ "ከአስራ አምስት አይበልጥም" የሚለው እንደገና በጆሮዬ አለፈ።

አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ ደጅ በቀረው ግማሽ ላይ ተቀመጥኩ። በጣቴ ጭኔ ላይ አሰላሁ። ስምንት ለሃምሳ፣ አስራ ስድስት ለመቶ። ጥያቄው ከአስራ አምስት አይበልጡም ብሏል። እኔ ልጄን አስራ ስድስት አስብያታለሁ። ለሚበላ ሰው ወደ ላይ ይቆጠራል፤ ለሚገባ ሰው ግን ጣራ ሲኖር ወደ ታች ነው የሚቆጠረው። ሰባት ነበር መልሱ። አምስቱንም ጥያቄ አጣምሜ፣ እንደ ዱዓ አስደግሜ ነው የላክኋት።

"ምን ሆንሽ?" አለ በሺር። ገመድ በእጁ ይዟል።

"ልጅቷን ጣልኳት።"

"የት ነው የጣልሻት?"

"ሒሳብ ላይ። ዛሬ ስምንት ሰዓት ነው የምትፈተነው።"

በሺር ነገሩን እስኪረዳው ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ "ለአንድ ጥያቄ ነው?" አለ።

"እኔም እንዲህ ነበር የተባልኩት። ለአንድ ጥያቄ።" ማትሪክ የወደቅኩት በስንት ጥያቄ እንደሆነ እስከዛሬ አላውቅም፤ ግን በአንድ ይመስለኛል።

"አብሽሪ" ሊል አፉን ከፈተና ፊቴን አይቶ ዘጋው። "ሂጂ እንግዲህ" አለኝ። "ስልክማ ለይላ ቤት የለም። ቀብሩ ከመውጣቱ በፊት ግን ብትሄጂ ያውቃሉ።"

ያውቃሉ ያለው ቅሬውን ነው። ከቀብር በፊት ጥሎ የሄደ ቀሪ ተብሎ ይጻፋል፤ የምጽፈውም እኔ ነኝ። ደብተሩን አወጣሁና ከስሜ ትይዩ "ቀሪ" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ደብተሩን ለአትጠገብ ሰጠኋት፤ ረዳቴ ናት፣ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ሌላውን ሰው ስጽፍ ያየችኝ።

"አንቺን?" አለች አትጠገብ ገጹን እያየች። "በሽታ ነው ልበል?"

"ሒሳብ ነው በይ።"

"በመተዳደሪያው ላይ የለም።"

"እንግዲያው እንዲሁ ተይው።"

መናኸሪያው ስደርስ አምስት ሰዓት አልፏል። የደሴው ሚኒባስ ሦስት ሰው ነበር የጎደለው፤ ሦስቱን ሰው ስንጠብቅ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ሐረጎ ዳገት ላይ ደግሞ ጭነት የያዘ መኪና ጎማው ፈንድቶ መንገዱን ዘግቶት ነበር። ሾፌራችን ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ቆሞ ማውራት ጀመረ። እኔ ገደሉን አየሁ፣ ሰዓቴን አየሁ፣ እንደገና ገደሉን አየሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ በሽተኛ ልትጠይቅ ወደ ቦሩ ሜዳ የምትሄድ ነበረች። የለበስኩትን የሐዘን ነጠላ ደጋግማ አየች፤ በኋላ ሳትጠይቀኝ ማለፍ አልቻለችም።

"ማን ታሞብሽ ነው፣ እቴ?"

"ልጄ ናት።"

"አይዞሽ። ምኗን ነው የሚያማት?"

"ሒሳብ" አልኩ፤ እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም።

ሴትዮዋ ሒሳብ የሚባል በሽታ ሰምታ አታውቅም መሰለኝ። "አላህ ያሽራት" አለች በትህትና፤ ከዚያ መንገዱ ሲከፈትም እስከ ደሴ መስኮቱን ስታይ ሄደች።

ትምህርት ቤቱ በር ስደርስ ለስምንት ሩብ ጉዳይ ነበር። ሮጬ ስለነበር ትንፋሼ አልሰበሰብ ብሎኛል። ብረቱ በር ተዘግቷል። ተማሪዎቹ ከሰባት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ገብተዋል። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ጠባቂ ጋቢያቸውን ደርበው ቆመዋል፤ ስማቸው ጋሽ ሱሌማን መሆኑን በኋላ ነው ያወቅኩት።

"አባቴ፣ ልጄ ውስጥ ናት። አንዲት ቃል ብቻ ልንገራት።"

"ወረቀት ሊታደል ነው። ማንም አይገባም።"

"እንግዲያው እርስዎ ይንገሩልኝ።"

"ምን ብዬ?"

"'ሰባት ተኩሉ ስምንት አይደለም፣ ሰባት ነው' ይበሉልኝ። ፈትሂያ በሺር ትባላለች።"

ሽማግሌው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ከየት አገኘሽው?"

"ምኑን?"

"ፈተናውን ነዋ። ሰው መልስ ሲሰርቅ በአጥር ይወረውራል፤ አንቺ በበር መጥተሽ ለዘበኛ ትነግሪያለሽ? ከእኔ ጋር ነው መታሰር ያማረሽ?"

"ወላሂ አይደለም" አልኩ። "ፈተናውን አላየሁም። አንድ ዓይነት ጥያቄ አለ፤ ይመጣል ብዬ ነው የምፈራው። እሁድ በስህተት አስጠንቻት ነው።"

እንዳላመኑኝ ሳውቅ መሬት ላይ ተቀመጥኩና በጠጠር አሳየኋቸው። ድንኳኑን በሁለት ጠጠር፣ አግዳሚዎቹን በእንጨት ስባሪ። ሰባቱን ደረደርኩ። ስምንተኛውን ሳስገባው ጠጠሩን ገፋው። ጋሽ ሱሌማን ጎንበስ ብለው አዩ።

"እና ይሄን ነው ስምንት ብለሽ ያስተማርሻት?"

"አዎ።"

"ስንተኛ ክፍል ደርሰሻል?"

"አስራ ሁለተኛ ጨርሻለሁ።"

"እኔ አራተኛ ነኝ" አሉ። "ግን ድንኳን የማይገባ አግዳሚ አልሸከምም።"

ውስጥ ደወል ተደወለ። ቀና አልኩ። ጋሽ ሱሌማንም ደወሉን ሰምተው አንገታቸውን ነቀነቁ፤ አለቀ ማለታቸው ነው። ከዚያ ከጎጇቸው በርጩማ አውጥተው ሰጡኝ። ደሴ ደመና ከጦሳ ተራራ እየወረደባት ነበር፤ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ በለበስኩት ስስ ነጠላ ብርድ አንቀጠቀጠኝ። አይተው ጋቢያቸውንም ደረቡልኝ።

"ልጅ የእናቱን ቃል ሁሉ ቢሰማ ኖሮ" አሉኝ፣ "ከዚህ አጥር ጀርባ ሲጋራ የሚያጨስ አልነበረም። አብሽሪ።"

ተቀምጬ ክፉውን ሁሉ አሰላሁ። ፈተናው ስልሳ ጥያቄ ነው ብላኛለች። እንዲህ ዓይነቱ አንድ ብቻ ቢመጣ አንድ ነጥብ ሰባት ፐርሰንት ገደማ ነው። እንደ እሁዱ አምስት ቢመጣ ከስምንት ፐርሰንት በላይ ነው። የምታልፈውና የማታልፈው የሚለዩት በዚሁ መሐል ነው። ደግሞ አንዱን ጥያቄ ስትሠራ ምርጫው ውስጥ የሚገባ መልስ ብታጣ ትደነግጣለች፤ ከደነገጠች ሌላውንም ታበላሻለች። የመልሱ ወረቀት ላይ ክቦቹን በእርሳስ ስታጠቁር አንድ መስመር ዘልላ ብታጠቁርስ? ይህን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ የእኔ ጥፋት ያልሆነውንም ጨምሬ ፈራሁ። እኔ ስወድቅ እናቴ ከቢስቲማ ገበያ አዲስ ሻሽ ገዝታ መጣችና ራሴ ላይ አሰረችልኝ። ቤት የምትውል ሴት ሻሽ ነበር። ያን ሻሽ ለፈትሂያ እንዳላስር ነው ደሴ የላክኋት።

አስር ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ልጆቹ እየተንጫጩ፣ አንዱ ያንዱን መልስ እየጠየቀ፣ አንዳንዶቹም ዝም ብለው ወጡ። ፈትሂያ ወንጌላዊት ከምትባል ጓደኛዋ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው እየሳቁ መጡ። የሐዘን ነጠላዬ ላይ የሰው ጋቢ ደርቤ መቀመጤን ስታይ ሳቋ ቀጥ አለ።

"እማ፣ ማን ሞተ?"

"ጋሽ ብሩ።"

"ጋሽ ብሩ!" ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ ትንሽ አሰበች። "ይሄን ልትነግሪኝ ነው የመጣሽው? በፈተና መሐል?"

"ለእሱ አይደለም። መጣ ወይ?"

"ምኑ?"

"ከዚህ አያንስም፣ ከዚህ አይበልጥም የሚለው።"

"እሱማ መጣ። ሁለት መጣ።"

በርጩማው ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሁለት። ሦስት ነጥብ ሦስት ፐርሰንት።

"የመጀመሪያው ስንት ነበር? ንገሪኝ።"

"ፋብሪካ ነው። ሁለት መቶ ሃምሳ ሠራተኞች አሉት። ሴቶቹ ከሠላሳ አንድ ፐርሰንት አያንሱም፣ ከሠላሳ አምስት አይበልጡም። ቢበዛ ስንት ሴት ትኖራለች ነው የሚለው።"

በጣቴ ጀመርኩ። እሷ አልጠበቀችኝም። "ሰማንያ ሰባት ነጥብ አምስት ነው የሚመጣው" አለች።

"እና ሰማንያ ስምንት አልሽ።"

ፈትሂያ ጓደኛዋን አየች፤ ወንጌላዊት መሬት መሬት አየች። ጋሽ ሱሌማንም ሥራቸውን ትተው ጠጋ ብለዋል።

"እማ፣ እንዳትቆጪ" አለችኝ። "ሰማንያ ሰባት ነው ያልኩት።"

"ለምን?"

"ሰማንያ ስምንት ካደረግሽው እኮ ሠላሳ አምስት ነጥብ ሁለት ፐርሰንት ይሆናል። ያልፋል። ቢበዛ ሲል ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ ቢያንስ ሲል ደግሞ ወደ ላይ። መልሱን መልሼ ፐርሰንት አደርገዋለሁ፤ ከወጣብኝ እተወዋለሁ።"

 ከጧት ጀምሮ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ተነስቶ ሄደ። "አልሐምዱሊላህ" ማለት እንኳ የቻልኩት ጋሽ ሱሌማን ቀድመውኝ ካሉ በኋላ ነው።

"መቼ አወቅሽው?" አልኳት። "ዛሬ ነው? ውስጥ ሆነሽ?"

"እሁድ።"

"የትኛው እሁድ?"

"ያለፈው። በረንዳው ላይ። C ብዬ ጽፌ ነበር፤ አንቺ D ስትዪ አጠፋሁት።"

"ሰኞ ጧትስ? በመስኮቱ ስጠይቅሽ ወደ ላይ አላልሽም?"

"አንቺ የጠየቅሽኝ ሰው ከሆነ ብለሽ ነው። መኪናው ሊነሳ ነበር፣ እማ። ምን ልበልሽ?"

"ተሳስተሻል በይኛ። ለምን አልነገርሽኝም?"

ደብተሯን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። "ብነግርሽ አታርፊም" አለች። "ከመስከረም ጀምሮ ያስጠናሁሽ ሁሉ ስህተት ነው ትያለሽ። ያን ሁሉ ወረቀት እንደገና እናወጣለን። ሰኞ ደግሞ አብሬሽ ካልወጣሁ ትያለሽ፣ እዚህ በር ላይ ትቀመጫለሽ፣ እኔ ውስጥ ሆኜ አንቺን አስባለሁ።"

"አልመጣም ነበር።"

ፈትሂያ በርጩማውን አየች፣ ጋቢውን አየች። ወንጌላዊት ፈንድታ ሳቀች፤ ጋሽ ሱሌማን ሊስቁ ፈልገው ሳል አደረጉት።

"ሁለተኛውስ?" አልኳት፤ ወሬውን ለመለወጥም ነው።

"ሁለተኛውን እርግጠኛ አይደለሁም።"

ልቤ እንደገና ሊነሳ አለና "እሱንም እኔ ያስጠናሁሽ ነው?" አልኩ።

"አይደለም፣ እሱ ሁለት ጊዜ ፐርሰንት የሚሠራበት ነው። አንቺ አላስጠናሽኝም።"

ይህን በመስማቴ ደስ ማለቴን መደበቅ አልቻልኩም። ልጄ አንድ ጥያቄ ስታ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን የለሁበትም። ፊቴን አይታ ፈትሂያ ራሷ ሳቀች። ከዚያ ክንዴን ይዛ አስነሳችኝ፤ ጋቢውን አጣጥፌ ለባለቤቱ መለስኩ።

"ይህቺ ልጅ ትለፍም አትለፍ" አሉኝ ጋሽ ሱሌማን፣ "ሰው መያዝ ታውቃለች።"

ለይላ ቤት አልወሰደችኝም። "ነገ ባዮሎጂ ነው፤ አንቺ ካለሽ አክስቴ እንግዳ መጣ ብላ ስትወጣ ስትገባ እኔ አላጠናም" ብላ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። እየሄድን ስለ ድንኳኑ ነገርኳት። ወንድምአገኘሁ ያለውን ስትሰማ መንገድ ላይ ቆማ ሳቀች፤ ወዲያው ጋሽ ብሩ ትዝ አሏትና አፏን ያዘች። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል "ሌላ ጊዜ ስሳሳት ንገሪኝ" አልኳት።

"ሌላ ጊዜ አትደንግጪ፤ እነግርሻለሁ።"

"እኔ ካልደነገጥኩ ማን ይደነግጥልሻል?"

"ማንም" አለች። "ማንም ባይደነግጥልኝ ደስ ይለኛል።"

ሳይመሽ ለቅሶ ቤቱ ደረስኩ። ቀብር ተፈጽሞ ሰው ተመልሶ ተቀምጧል። በሺር ድንኳኑ በር ላይ እንግዳ ሲቀበል አየኝና በዓይኑ ጠየቀኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩለት። ትከሻው ሲወርድ አየሁ፤ ለካ እሱንም ከጧት ጀምሮ ፍርሃት ይዞት ኖሯል። ያን ያህል ዓመት አብሬው ስኖር እሱ አይፈራም ብዬ ነበር የማስበው።

ውጤት የመጣው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ሒሳብ C። ከሌላው ጋር ተደምሮ ለመሰናዶ በቃት፤ ተርፎም አይደለም፣ ጎድሎም አይደለም። ወረቀቱን ይዛ ስትገባ ፊደሉን ሳላይ ፊቷን ነው ያየሁት። የቱን ጥያቄ እንደሳተች ልጠይቃት አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ተውኩት።

ምሳ ከበላን በኋላ በሺር ምንጣፉን በረንዳው ላይ ዘረጋና "እስቲ አሁን የሚያስፈራሽን ንገሪኝ፤ ሳልተኛ ልስማው" አለኝ።

"ቆይ ላስብ" አልኩት።

ጠበቀኝ። እንቅልፍ ሲወስደው ገና እያሰብኩ ነበር።